እናቴን የጻፍኩበት ገጽ

የእናቴ ዓይን እየደከመ እንደሆነ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ እሷ ራሷ፣ እኔ፣ እና በቡና ማድረቂያው አልጋ ማዶ ፊት ለፊቷ ቆማ የምትለቅም ጎረቤታችን። አራተኛ ሰው እንዲያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ወይም አምልጦኝ አይደለም። አስቤበት፣ ረቂቁን ሦስት ጊዜ አስተካክዬ፣ በኮምፒውተር ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ነው።

ቤታችን ከገደብ አለፍ ብላ ባለችው በወርቃ ነው። እናቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በየዓመቱ ቡና ሲደርስ በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ለቃሚ ናት። እሸቱ ተፈልፍሎ ከታጠበ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ፣ በሽቦ ወንፊት ተዘርግቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያን ቆጥ አልጋ እንለዋለን። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና የጠቆረውን ፍሬ እየለቀሙ ያወጣሉ። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቦታ አላት። በሩ ላይ ደግሞ ቦታ የሚጠብቁ ሌሎች ሴቶች በየማለዳው ይሰለፋሉ፤ አንዴ ከአልጋው የወረደች ሴት ስትመለስ አይቼ አላውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእናቴ ቦታ ላይ ነበር። በክረምቱ ዓይኗን አሳይተን የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ እንደሚያስፈልግ ነግረውናል። ከዚያ በኋላ እናቴ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ማንም ሳያውቅባት በቦታዋ መቆየት።

እኔ በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲላ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ሥራ የለውም። ግን ሰው ደስ እንዲለው ማድረግ እወዳለሁ፤ የሮቦት ክበቡን የሚመራው መምህር «መሳቢያዎቹን የሚያስተካክልልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ሲል እጄን አወጣሁ። ብሎኑን በብሎን፣ ሽቦውን በሽቦ ለይቼ በየመሳቢያው ላይ ስም ለጠፍኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካገለገልኩ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የሮቦት ክንድ እንድነካ ተፈቀደልኝ።

ክንዱ በቁመት የእኔን ክንድ ያህላል። ትከሻው፣ ክርኑና አንጓው ላይ ትንንሽ ሞተሮች አሉት፤ ጫፉ ላይ እንደ ወረንጦ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ጣቶች። ከላይ በእንጨት መስቀያ ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ተሰቅሏል፤ የክንዱ ዓይን የስልኩ ካሜራ ነው። ሥራው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የቡና ፍሬ አይቶ ማንሳት ነበር። አያነሳም።

ለምን እንደማያነሳ ያስረዳኝ ክንዱን ከእኔ በፊት የያዘው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ሁሉ «ፍሬሽ» ይላል።

«አየሽ ፍሬሽ፣ ካሜራው ፍሬውን ያያል። ኮዱ ፍሬው ስንት ሴንቲ ላይ እንዳለ ያሰላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ዲግሪ መዞር እንዳለበት ያሰላል። ከዚያ ክንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል።»

«ደርሶስ?»

«ደርሶ አየር ይጨብጣል። በጣም በራስ መተማመን ነው የሚጨብጠው ግን።»

ስሌቱ ልክ ነበር። አራት ገጽ ሙሉ ሳይንና ኮሳይን፤ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጬ ፈትሼዋለሁ። ችግሩ ሌላ ነበር። ሰው ጠረጴዛውን በክርኑ ገፋ ካደረገው፣ ስልኩ ትንሽ ካዘነበለ ወይም የአንዱ ሞተር ጥርስ ከላላ ክንዱ ከፍሬው አንድ ጣት ያህል ርቆ ያርፋል። ያኔ ሁሉንም እንደገና በማስመሪያ መለካት ነው። መምህሩ በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ ያየንና «አቅልሉት» ይላል። «ገበሬ ማኅበር ውስጥ ማስመሪያ ይዞ የሚቆም ኢንጂነር የለም። አቅልሉት።»

እንዴት እንደሚቀል ያወቅኩት ከእናቴ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከዲላ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ በወናጎ በኩል ገደብ ደረስኩ፤ ከገደብ በሞተር ወርቃ። ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄድኩና ከእናቴ ጀርባ ቆምኩ። እጇን ለማየት ነበር የመጣሁት። ሰው ፍሬ ሲያነሳ በመጀመሪያ ምን ያደርጋል የሚለውን በማስታወሻዬ ላይ በተራ ቁጥር ለመጻፍ አስቤ ነበር።

ተራ ቁጥር አልነበረውም። እጇ አስቀድሞ ይሄዳል። በፍሬው ላይ ይንሸራተታል፤ ካለፈ ይመለሳል፤ ካነሰ ይጨምራል፤ ወዲያው በጣቶቿ መሃል የተሰበረ ፍሬ አለ። ምንም አልለካችም።

«ልጅሽ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታፈጥብሽ?» አለች ጎረቤታችን ከማዶ።

«እጄን ነው የምታየው። ለማሽን ልትሰጠው ነው» አለች እናቴ።

«የእኔንም ውሰጂው፤ ከነቁርጥማቱ።»

«እማ፣ ፍሬው የት እንዳለ ሳታውቂ እንዴት ነው እጅሽን የምትልኪው?» አልኳት።

እናቴ ሥራዋን ሳታቆም ትንሽ አሰበች። «የት እንዳለማ አላውቅም» አለች። «እጄን እልከዋለሁ። ሲሳሳት እመልሰዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ማን ይቆጥርበታል?»

ይህን ጻፍኩት። እዚያው ቆሜ ሌላም ነገር አየሁ። የተሰበረና ነቀዝ የበላ ፍሬ በጣት ይታወቃል፤ ጠርዝ አለው፣ ቀዳዳ አለው። ጥቁረት ግን በጣት አይታወቅም። በእናቴ በኩል የጠቆሩት ፍሬዎች እንዳሉ ይቀሩ ነበር። በአልጋ ላይ ከመሃሉ አልፎ የሌላዋን ድርሻ መንካት ነውር ነው፤ ሰነፍ ነሽ ብሎ እንደመስደብ ይቆጠራል። ጎረቤታችን ግን ወሬ እያወራች፣ ለወሬዋ እጇን የምታወናጭፍ እየመሰለች፣ ተሻግራ ጥቁሮቹን ታነሳለች። የጣቢያው ተቆጣጣሪ በአልጋዎቹ መካከል ሲያልፍ ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ «እንዳትናገሪ» ብላኝ አታውቅም። መባል የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

ሰኞ ዲላ ስመለስ አራቱን የስሌት ገጾች ወደ ጎን አደረግኩ። ከዶርም ጓደኛዬ ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ የክንዱን ጣቶች ጫፍ ቀባሁ። አሁን ካሜራው ሁለት ነገር ብቻ ማየት ነበረበት፤ ቀዩን ጫፍና ፍሬውን። ጫፉ ከፍሬው ወደ ግራ ከሆነ ትከሻው ትንሽ ወደ ቀኝ ይዙር። ካልደረሰ ክርኑ ትንሽ ይዘርጋ። እንደገና ይይ። እንደገና ትንሽ ይንቀሳቀስ። ሁለቱ ሲገናኙ ይውረድና ይጨብጥ። ሴንቲሜትርም ዲግሪም የለም። ጠረጴዛው ቢገፋ፣ ስልኩ ቢያዘነብል ክንዱ ይሳሳትና ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ፍሬ አነሳ። የአራተኛ ዓመቱ ልጅ ጠረጴዛውን ሆን ብሎ በጉልበቱ ገፋው። ክንዱ ተንገዳግዶ፣ ፈልጎ፣ ሌላ ፍሬ አነሳ።

«አራት ገጽ ኮሳይን በጥፍር ቀለም ተካሽው?» አለኝ።

«ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ ትያለሽ? አንድ ዓመቴን የበላሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሠራውና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። እናቴ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዱ የእኔ ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻ ለእንግዶች የማሳየው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን አላስታውስም፤ ለዚህም ይሆናል የሚቀጥለውን ነገር ሁሉ በደስታ ያደረግኩት።

ፕሮፖዛል መጻፍ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ክፍል «የችግሩ መነሻ» ይባላል። እኔም ቡና ለአገራችን ኢኮኖሚ ያለውን ጥቅምና ጥራትን መጠበቅ አስፈላጊ መሆኑን ጻፍኩ። መምህሩ በእስክሪብቶ ሠረዘው።

«ይሄ ማንም የሚጽፈው ነው። ችግሩ የማን ነው? ሰው አሳዪኝ።»

ሰው ነበረኝ። ዶርም ገብቼ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «የፕሮፖዛሉ አቅራቢ እናት በወርቃ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለቃሚ ናቸው። የማየት አቅማቸው በመድከሙ የጠቆረውን ፍሬ መለየት አይችሉም። በአሁኑ ጊዜ ይህ ክፍተት የሚሸፈነው በአልጋው ማዶ በሚሠሩ ሴት ትብብር ነው። ይህ ክንድ ከጎናቸው ቢቆም በሥራቸው ላይ ሊቆዩ ይችላሉ።» እናቴን በአንቱታ የጠራኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ስጨርስ ያከበርኳት መስሎኝ ነበር።

መምህሩ በኅዳጉ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ። እሱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። እሱ እናቴን አያውቃትም፤ ወረቀቱ የት እንደሚደርስም አላወቀም። እኔም ስጽፍ በልቤ የነበረው አንባቢ እሱ ብቻ ነበር።

ክንዱን ለማሠልጠን ግን እውነተኛ የተበላሸ ፍሬ ያስፈልገን ነበር፤ ያ ያለው ደግሞ ጣቢያው ዘንድ ነው። መምህሩ የትብብር ደብዳቤ አጽፎ ማኅተም አስመታልኝ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። «ተማሪዋ ለምርምር የሚሆን ጥቂት የተለቀመ ፍሬ እንዲሰጣት» ይላል፤ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጉዳዩ ሙሉ እንዲሆን፣ ተቆጣጣሪውም ለምን እንደምፈልገው በደንብ እንዲገባው ብዬ ፕሮፖዛሉን ከጀርባው በስቴፕለር አያያዝኩት። ሁሉንም ገጽ። ስቴፕለሩ ተጣሞ ስለገባ ነቅዬ እንደገና ቀጥ አድርጌ መታሁት።

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጠኝ። ደብዳቤውን አነበበና ገለጠ፤ ቀጣዩንም አነበበ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እኔ በትኩረት በማንበቡ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለ። «እናትሽ የቱ አልጋ ላይ ናት?»

«አሥራ አንደኛው፣ ጋሼ። ከበሩ በኩል።»

«ፊት ለፊቷ ያለችውስ?»

የጎረቤታችንን ስም ነገርኩት። ለመተባበር ነበር። እሱም በእስክሪብቶ ከወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈው። ከዚያ ሠራተኛ ጠርቶ አንድ ፌስታል ሙሉ የተበላሸ ፍሬ አስመጣልኝ፤ አምስት ጊዜ ያህል አመሰገንኩት። ስወጣ እናቴ ከአልጋው ቀና ብላ ድምፄ ወደሚመጣበት ዞረች። «ሰጠሽ?» አለች። «ሰጠኝ» አልኳት። ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በስልክ ስናወራ የሆነ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባኝም። እናቴ የምትደውልልኝ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ከጣቢያው ነው፤ ከጀርባዋ የሴቶቹ ሳቅና ጫጫታ አለ። አሁን ዝምታ ነበር። «ሰላም ነኝ፣ ማሽንሽስ?» ትላለች። እኔም ስለ ማሽኑ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ ስሄድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤት አገኘኋት። በዚያ ሰዓት፣ በቡና ወቅት፣ እናቴን ቤት አይቻት አላውቅም። ከእንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው ባዶአቸውን ነበሩ።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም። ወረድኩ።»

«ማን አወረደሽ?»

ተቀመጪ አለችኝ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ገና አራት ሰዓት ነው አልኳት።

«ተቆጣጣሪው ቢሮ አስገብቶ ወረቀትሽን አነበበልኝ» አለች። «አማርኛው ከበድ ያለ ነው፤ አንዳንዱን በጌዴኦኛ አስረዳኝ። ጥሩ ጽሑፍ ነው አለ። ልጅሽ ጎበዝ ናት አለኝ።»

ከበርጩማዋ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዋሽታለች ልበለው ብዬ ነበር» አለች። «ከዚያ ማኅተሙን አሳየኝ። በማኅተም የመጣ ነገር ላይ ልጄን ውሸታም ላደርጋት ነው? ዝም አልኩ።»

«እሷስ?» አልኩ፤ ጎረቤታችንን ማለቴ ነው።

«ወደ ሌላ አልጋ አዘዋወሯት። ከማታውቃቸው ጋር።» «አልተቆጣችም» አለች ደግሞ። ጎረቤታችን መቆጣቷን ግን ከመቅረቷ አወቅኩ፤ በዚያ ቅዳሜም በሚቀጥለውም ወደ ቤታችን አልመጣችም።

ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ፣ በእናቴ ቦታ፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ቆማለች። ተቆጣጣሪው እንደ በፊቱ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱ ስህተት አለበት አልኩት፤ አጋንኜ ነው የጻፍኩት፣ ተማሪ ስለሆንኩ ነው፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው።

«ልጄ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ከዚህ በፊትም ሳላይ የቀረሁ አይምሰልሽ። ሁለት ሴቶች ለአንድ አልጋ ይህን ያህል ሲስቁ ይታያል። ያላየሁ ሆኜ አልፍ ነበር። አሁን ግን በጽሑፍ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ። ፋይል ውስጥ ገባ። ነገ ቡና ገዢው ጥቁር ፍሬ አግኝቶ ቢጠይቀኝ አላወቅኩም ማለት እችላለሁ?»

«ክንዱ ከጎኗ ይቆማል» አልኩት።

«መቼ ይመጣል?»

እውነቱን ነገርኩት። አንድ ፍሬ ለማንሳት የሚፈጅበት ጊዜ እናቴ እፍኝ ሙሉ የምትለይበት ነው። ጠረጴዛ ላይ እንጂ አልጋ ላይ አልተሞከረም። መብራት ይፈልጋል፤ ጣቢያው ያለው አንድ ጄኔሬተር ነው፣ እሱም ለመፈልፈያው። ስናገር ራሴን እሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ፕሮፖዛሉ ውስጥ «ውስንነቶች» በሚል ርዕስ ሥር ጽፌው ነበር፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ።

«ሲመጣ እናየዋለን» አለ ተቆጣጣሪው፤ ወንበሩ ላይ ትቶኝ ወደ አልጋዎቹ ወጣ።

በዓመቱ መጨረሻ እንግዶቹ መጡ። ክንዱን እንዲያሳይ ሌላ ሰው ይመረጥ ብዬ መምህሩን ለመንኩት፤ ፈርቼ መሰለውና አበረታታኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም። ክንዱ ከአሥር ፍሬ ስምንቱን አነሳ። አንዱ እንግዳ ጠረጴዛውን እንዲገፋ ተጋበዘና ገፋው፤ ክንዱ ተሳስቶ ተመለሰ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ መምህሩ «ይህ ሥራ ከየት እንደተነሳ ልንገራችሁ» ብሎ የእናቴን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። አንዲት እንግዳ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔ የክንዱን ሽቦ እንደያዝኩ ወለሉን እያየሁ ቆሜ ነበር። እናቴ አሁን ምን ላይ እንዳለች ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም። የአራተኛ ዓመቱ ልጅ ብቻ ኋላ ላይ ዕቃ ስናነሳ «ምነው ፍሬሽ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። «አይ» አልኩት። እሱም ከዚያ በላይ አልቀለደም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሻንጣዬን ይዤ ወርቃ ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ አቅፋኝ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ። ስለ ወረቀቱ ዳግመኛ አልተነጋገርንም። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ጽፌ አርሜ ነበር፤ ግን ባሳመርኩት ቁጥር ያንን ገጽ እየመሰለ አስጠላኝ፤ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ለገበያ ስወጣ ከጣቢያው የማውቃቸው ሦስት ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝ። ከሌላ አልጋ ናቸው። አንደኛዋ እጄን ይዛ ሳመችኝ።

«ተባረኪ» አለችኝ። «እናትሽ ሁሉንም ነገረችን።»

ደነገጥኩ። «ምን አለቻችሁ?»

«‹ልጄ ተማረችና በቃሽ አለችኝ፣ አስቀመጠችኝ› አለች። ያን ሁሉ ዘመን ቆማ ሠርታ፣ ጉልበቷ ሳያልቅ እንድታርፍ አደረግሽ። የእኛዎቹ ተምረው እንኳ አልጠሩንም።»

«‹ቦታዬን የለቀቅኩት በልጄ ቃል ነው› ትላለች» አለች ሁለተኛዋ። «በቤተ ክርስቲያንም መሰከረች።»

ሦስቱም ቆመው ፊቴን እያዩ ነበር። እውነቱን ብናገር እናቴ ውሸታም ትሆናለች፤ ዓይኗም በመንደሩ ሁሉ ይታወቃል። ባልናገር ደግሞ ምርቃቱን ወሰድኩ ማለት ነው።

«ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው» አለች የመጀመሪያዋ፣ እጄን ሳትለቅ።

«አሜን» አልኩ።